የስድስተኛው ቀን ሰማይ

ጁን 9

…አባባ አንድ እግሩ ጫማ አድርጎ፣ ሌላው ባዶውን ሆኖ፣ ከባሕር ለውዙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እጁን ወደ ሰሜን ዘርግቶ ነበር። ወይስ እጁን አሁን እኔ ነኝ የምዘረጋለት? ዘንቢሌን መሬት ላይ እንዳስቀመጥኩ አስታውሳለሁ። ሌላው ጫማህ የታለ ብዬ እንደተቆጣሁም አስታውሳለሁ። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ግን ልይዘው ስል ያመልጠኛል።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የዶኛ ኢልቪያ ወረቀት ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ለእንግዳ ማረፊያዋ አዲስ እጽፍላታለሁ። ለመንገደኞች ነው፤ በየትኛው ወር ምን ዓይነት አየር እንደሚጠብቃቸው የሚነግር፣ መግቢያው በር ላይ የሚለጠፍ። «ከዲሴምበር እስከ ማርች በጋ ነው፤ ንፋሱ ብርቱ ስለሆነ ባርኔጣችሁን ያዙ። በኤፕሪልና በሜይ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ ጠዋቱ የእናንተ ነው።» እስከዚህ ድረስ በቃሌ ነው የምጽፈው። ከጁን ጀምሮ ግን የአባባን ደብተር እገልጣለሁ። በጃንዋሪ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቀናት ሰማዩን ያያል። የመጀመሪያው ቀን ለጃንዋሪ፣ ሁለተኛው ለፌብሩዋሪ፣ እንዲህ እያለ እስከ ዲሴምበር። ለመንገደኞች ስነግራቸው ይስቃሉ። እዚህ ቦካ ቪዬሃ ግን ያንን ደብተር ሳይጠይቅ ጀልባውን የሚቀባ ሰው የለም። እሱ ያያል፣ ይናገራል፤ ፊደል ስለማያውቅ እኔ እጽፋለሁ።

ስድስተኛው ቀን፦ «ጥርት ያለ። ንፋስ የለም። ባሕሩ እንደ ዘይት።»

የዚህ መስመር ቀለም ይለያል። ሌሎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ይሄ ጥቁር። ያን ቀን ሎሪካ ከተማ ጉዳይ ነበረኝ። ስመለስ ነው የጻፍኩት።

ጁን 12

ሲዘንብ አደረ። ጓሮው ሐይቅ ሆኗል። አባባ የተቀቀለ የዩካ ሥሩን ከአይብ ጋር እየበላ ድንገት ቀና አለ።

«ኔይዳ፣ ለስድስተኛው ምን ነበር ያልኩት?»

አነበብኩለት።

«እንደዚያ አልኩ?»

«እንደዚያ አልክ።»

በአውራ ጣቱ ጉልበቱን እያሸ ቆየ። ዓይኖቹ ላይ ያለው ጉም ከአምናው ወፍሯል። «እንግዲህ ካልኩ ነው» አለ።

ለምን ጠየቀኝ? ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የትናንት ምሳውን እንኳ አያስታውስም። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

የሰማይ ዓሣ ቀን። እያንዳንዱ ጀልባ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዓሣ በራችን ላይ አስቀምጦ ያልፋል። አባባ ሰማዩን አይቶ ስለሚነግራቸው ምስጋና ነው፤ አያቴ በሕይወት ሳለ የተጀመረ። ዛሬ ሰባት መጣልን። አርጌሚሮ የራሱን በጅራቱ አንጠልጥሎ፣ «ዶን ኡባልዶ፣ ለጁን ሃያ አራቱ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዝናብ ካወረዱብን ይችን ዓሣ መልሼ እወስዳታለሁ» አለ። አባባም «አጥንቷን ከድመቷ ተቀበል» አለው። ለብዙ ቀን እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ወንድሜ ዊልፍሪዶ ስምንተኛውን ይዞ ከጓሮው ማዶ መጣ። ቤቱና ቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ የእሱ በርና የእኛ በር ይተያያሉ። እንደ ልማዱ የአባባን ግንባር ሳመና ወሬውን ጀመረ። ዶኛ ኢልቪያ ዘንድ ከተራራው አገር የመጡ ሁለት አስተማሪዎች አርፈዋል። ባልና ሚስት ናቸው፣ ባሕር አይተው አያውቁም። በር ላይ ያለውን ወረቀት አንብበው፣ በሃያ አራት ወደ ደሴቶቹ አሻግረን ብለውታል።

የወደቡን ራዲዮ አዳምጥ አልኩት። ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ ሰማዩ የአባባ፣ ጽሕፈቱ ያንቺ። ራዲዮው ምን ሊጨምርልኝ ነው?»

ጁን 19

ዝናቡ አቆመ። በዝናቡ ወራት መካከል የምትመጣው ትንሿ በጋ ገባች፤ ልክ በቀኗ። ባሕሩ ሸራ ይመስላል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ አባትሽን ሳሚልን ይለኛል። የተልባ እግር አንሶላዎቹን ሁሉ አጥቤ አሰጣሁ።

ምናልባት የጻፍኩት ልክ ነበር።

የጻፍነው።

ጁን 22

ከሎሪካ ስልክ ተደወለ። አላነሳሁም።

ጁን 24፣ ጠዋት

ዊልፍሪዶ ወጣ። ሚስቱ ያዲራ ኮኮናት ሩዝ ቋጥራለታለች። ሴትየዋ አስተማሪ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ጀልባው ላይ ስትቀመጥ አየሁ፣ ንፋስ ሳይኖር። ወረቀቴን ከልቧ አንብባዋለች ማለት ነው፤ ወሩን ግን ተሳስታለች። ሳቅኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ባሕሩ ድምፁን ቀየረ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ውሃው ግን እየመጣ ነው፣ ዝም ብሎ፣ ወፍራም ሆኖ። የለውዙ ዛፍ ሥር ደርሷል። አባባ ቆሟል። «ሌቫ ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ «ዊልፍሪዶስ?» አለ።

ጁን 25

ሌቫ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሌላ አገር ባሕሩን የሚንጠው ማዕበል እብጠቱ ብቻ እኛ ጋ ይደርሳል። የእኛ ሰማይ ምንም አያውቅም። ለዚህ ነው ሰው የሚበላው።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ከደሴቶቹ ሲመለሱ ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት አሸዋ ላይ ውሃው እየተነሳ ይሰበር ነበር። ጀልባው ተገለበጠ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሁለት ብቻ ነበር። ዊልፍሪዶ ሁለቱንም ለአስተማሪዎቹ አልብሷቸዋል። እነአርጌሚሮ ደርሰው ሁለቱን አወጧቸው።

ሴትየዋ አስተማሪ በዶኛ ኢልቪያ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ሰደርያውን አውልቂ ቢሏት እምቢ ብላለች።

ጁን 26

የለም።

ጁን 28፣ ቅዳሜ

ጀልባዎቹ ሁሉ ፍለጋ ላይ ናቸው። ዓሣ አልመጣም፤ ማን ሊያጠምድ። አባባ በሩ አጠገብ ወንበሩን አስቀምጦ ዋለ። ያዲራ ምሳ ሠርታ አመጣችልን። እኛ ነን መሥራት የነበረብን አልኳት። «እጄ ሥራ ካልያዘ ቤቱ አያስቀምጠኝም» አለች። ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድና ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሦስት ሰው የሚያጠግብ ነበር።

ጁላይ 3

ፍለጋው ቆመ። ቄሱ ያዲራ ዘንድ መጥተው የዘጠኝ ቀኑን የሙታን ጸሎት እንጀምር አሏት። ያዲራ አልተቀበለችም። ሬሳውን ሳላይ ቤቴ ውስጥ የሐዘን መሠዊያ አላቆምም ብላለች። በሯንም አትዘጋም። ያን ቀን ዊልፍሪዶ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ነበር የወጣው፤ ቢመጣ ቆሞ እንዳይቀር ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እስከ አልጋዋ ይገባል። በመጥረጊያ ታስወጣዋለች። ከእኛ ወጥ ቤት ሆኜ ቤቷን እስከ ጓዳው አያለሁ፤ ልብሱ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው።

ዓይኔን ወዴት እንደማሳርፍ ጨንቆኛል።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ጀልባዎቹ ወጥተው ተመለሱ። ደፋችን ላይ ምንም የለም።

የጀልባ ማቆሚያው ጋ ውሃ ልቀዳ ስሄድ የአርጌሚሮን ድምፅ ሰማሁ። ጀርባውን ሰጥቶ መረብ ይጠግናል። ሽማግሌው ዘንድሮ ያየው የማንን አገር ሰማይ ነው፣ ብሎ ይጠይቃል። ማንም አልሳቀም፤ ለማሳቅም አልነበረም። «ሽማግሌው» ነው ያለው። የክብሩ «ዶን» ቀርቷል።

ባልዲዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

አባባ ከጠዋቱ ጀምሮ ቀኑን ይጠይቀኛል። አርብ ነው ልለው ፈለግኩ። በኋላ ገበያ ሄጄ አንድ ቀይ ዓሣ ገዛሁ። ደፉ ላይ አስቀምጬ፣ «አርጌሚሮ ትቶልህ ሄደ» አልኩት። ጠበስኩለት። አንድ ጉርሻ በላና አኘከ፣ አኘከ።

«ይሄ በረዶ ላይ የከረመ ነው» አለ።

ለእኔ ብሎ ጨረሰው።

ጁላይ 16

የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ የካርመን እመቤት በዓል። ሐውልቷ በመጀመሪያው ጀልባ ትወጣለች፣ ሌሎቹ በአበባና በወረቀት አጊጠው ይከተሏታል። አባባ በመጀመሪያው ጀልባ ከሐውልቷ አጠገብ መቀመጥ ከጀመረ አርባ ዓመቱ ነው። ሁልጊዜ መጥተው ይወስዱታል።

ገና ጎህ ሲቀድ ነጭ ሸሚዜን አልብሺኝ አለኝ። ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት። ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከበሮው በእኛ በኩል አለፈ። ወደ ውሃው ሲወርድ ሰማነው። ከዚያ ከባሕሩ ላይ ሰማነው። አባባ ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ እያዞረ ይከተለዋል። ሞተሮቹ ሲርቁ፣

«ምናልባት በመመለሻው ይመጣሉ» አለ።

በመመለሻውም አልመጡም። ሸሚዙን ላወልቅለት ስል እጄን ያዘኝ። ትንሽ ይቆይልኝ አለ።

ጁላይ 17

መጻፍ ያለብኝን ልጻፍ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ አባባ ተኝቷል።

ጃንዋሪ 6 የሦስቱ ነገሥታት በዓል ነው። ሎሪካ ለመሄድ የተመቸኝ በዚያ ቀን ብቻ ነበር፤ ጉዳዬ የሚፈጸመው በዚያ ቀን ነበር። አባባን ዛፉ ሥር አስቀምጬ፣ ሙዝና ውሃ አጠገቡ አድርጌ፣ «ሰማዩን እይ፤ ስመለስ ትነግረኛለህ» አልኩት። ከአሥራ ሁለቱ ቀናት ብቻውን የተውኩት ያን አንድ ቀን ነው።

ስመለስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። አንድ እግሩ ባዶ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ። ሽንቱን የለቀቀ መሰለኝ። አዎ፣ መሰለኝ፣ ስለዚህም ነበር የተቆጣሁት። ጫማህ የታለ አልኩት። እጁን ወደ ሰሜን ዘረጋ። አሁን የመለሰልኝ መጣልኝ፣ ቃል በቃል፦

«ያለ ንፋስ መጣ። ጫማዬን ወሰደው።»

እሱ ልጅ ሳለ ባሕሩ ወጥ ቤታቸውን ወስዶ ነበር። ብዙ ጊዜ ያወራዋል። የዱሮውን እየቀላቀለ ነው አልኩ። ልብሱን ቀየርኩ፣ አስተኛሁት። ከዚያ ብዕር ፈለግኩ፣ ያገኘሁት ጥቁሩን ነው። ከአውቶቡሱ መስኮት ሰማዩን አይቼው ነበር። ጥርት ያለ ነበር። ንፋስም አልነበረም። እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም።

«ባሕሩ እንደ ዘይት» የሚለውን ግን አላየሁም። መስመሩ አጭር ስለሆነብኝ ነው የጨመርኩት።

ኦገስት 3

ዛሬ እነግረዋለሁ።

ኦገስት 4

አልነገርኩትም። እያሳለው ነበር።

ኦገስት 9

አባባ አልጋውን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ አለ። ሰማዩ በመስኮት ይገባበታል። አዞርኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተናገረ፦

«ልጄን በአፌ ላክሁት፣ ኔይዳ። በዚህ በአፌ።»

ከንፈሮቹን በጣቶቹ ያዛቸው። ውሃ ልስጥህ ወይ አልኩት። ይህ ነው የወጣኝ። ውሃ ልስጥህ ወይ።

ከንግግር ይልቅ ወረቀት ይቀለኛል ብዬ የዶኛ ኢልቪያን ሥራ አነሳሁ። እንግዶች በሩ ላይ ያለውን እያነበቡ ስለ ጀልባ ይጠይቃሉ፣ ቀይሪልኝ ብላኛለች።

«ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ትንሿ በጋ ናት። ባሕሩ

ኦገስት 21

እንደገና። «ባሕሩ ጸጥ ያለ ሊመስል ይችላል።» ዶኛ ኢልቪያ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «መንገደኛ ማስፈራራት አይደለም የጠየቅሁሽ፣ ልጄ። መቼ እንደሚዋኙ ብቻ ንገሪያቸው» አለች። ከዚያ ደግሞ አቀፈችኝ። ይህ ከሁሉም ባሰብኝ። ሰው ሁሉ የወንድሜን ሐዘን ነው የሚያቅፈኝ።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

ዓሣ መግዛት ትቻለሁ። አባባም ቀኑን መጠየቅ ትቷል።

ሴፕቴምበር 17

ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው። ዝናብ በየቀኑ ከምሳ በኋላ። ለወረቀቱ ይሆናል፦ «በሴፕቴምበር ልብስ አይደርቅም።»

ያዲራ ሳህኑን ልታስቀምጥ ስትገባ ስልኩ ጮኸ። እኔ ጓሮ ነበርኩ፣ እሷ አነሳችው። ስገባ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። «የሎሪካ መነኮሳት ናቸው» አለች። «የአረጋውያኑ ቤት። አልጋው ተለቋል ብለዋል። ለአባትሽ የተጠየቀው አልጋ።»

መነኮሳቱ በሦስቱ ነገሥታት በዓል ቤታቸውን ለጠያቂ ይከፍታሉ። ሾርባም ያበላሉ። ንጹሕ ቤት ነው፣ ግቢው አበባ አለው። ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። ማየት ምን አለው።

ይህን ሁሉ ለያዲራ አልነገርኳትም። «የመድኃኒት ነገር ነው» አልኳት። ፊቴን ቆማ አየችው። ከዚያ «ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ብሉ» ብላ ወጣች።

ሴፕቴምበር 30

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለቱን ከአባባ ጋር ብቻዬን ኖሬአለሁ። ዊልፍሪዶ አገባ፣ ጀልባ ገዛ፣ የአባባን ግንባር እየሳመ ያልፍ ነበር። ከዚህ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ።

ኦክቶበር 8

ያዲራ በሯ ላይ ተቀምጣ የዊልፍሪዶን መረብ ትጠግናለች። ማን እንዲያጠምድበት እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። ዛሬ በመጥረጊያዋ ውሃውን ስታስወጣ በሩን ገጠም ብታደርጊው አልኳት። «ያንቺ አባት ነው ባሕሩ ዘይት ነው ያለው» አለች፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ። «ዘይት ከሆነ ይመለሳላ።»

ምግቡን ግን አላቋረጠችም። አባባ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይበላም አሁን፤ ስትመጣ አቀርቅሮ ነው የሚቀበላት።

ኦክቶበር 19

ዛሬ ነው።

ከእኩለ ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ አባባ ደብተሩን አምጪው አለ። «ወንዙ ውስጥ ትጥይልኛለሽ፤ ጃንዋሪ ከመግባቱ በፊት። ከእንግዲህ አላይም፣ ሰውም ምን ታያለህ ብሎ አይጠይቀኝ። ሳትጥይው በፊት ግን ስድስተኛውን አንድ ጊዜ አንብቢልኝ፤ ያልኩትን ሰምቼው ልሙት» አለ።

ደብተሩን ገለጥኩ። ጥቁሩ ቀለም።

«ይህን አንተ አላልክም፣ አባባ» አልኩ።

ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነበር። አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያን ቀን አልነበርኩም።»

«ለመድኃኒት ሎሪካ ሄድሽ።»

«ለመድኃኒት አልነበረም። መነኮሳቱ ጋ ነበርኩ። ላንተ አልጋ ልጠይቅ።»

ዝናቡ ገና አልጀመረም። ከያዲራ ቤት የድስት ክዳን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም አለ። አባባ ቀስ ብሎ ዞረ። መዞር ለእሱ ረጅም ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ እግሮቹ አንድ በአንድ። ልረዳው አልደፈርኩም።

«እኔ ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ያለ ንፋስ መጣ፣ ጫማዬን ወሰደው አልክ። እጅህንም ወደ ሰሜን ዘረጋህ። እኔ የዱሮውን የምታወራ መሰለኝ። ጥርት ያለ ብዬ ጻፍኩ። ባሕሩ ዘይት ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ስለ ዊልፍሪዶ ልጨምር ፈልጌ ነበር። ስሙ ከአፌ አልወጣም።

አባባ እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። ቀኝ እግሩን አነሳና በሁለት እጁ ያዘው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ለረጅም ጊዜ።

«አይቼ ነበራ» አለ።

«አይተህ ነበር።»

ፊቱን ማየት ነበረብኝ፤ ከፊቱ ቆሜ የጠበቅኩት ለዚያ ነበር። አላየሁም። ወደ ደፉ ዞርኩ።

ሳህኑ እዚያ አለ። በሌላ ሳህን ተከድኗል፣ ከጠርዙ ሥር እንፋሎት ይወጣል። መቼ እንደተቀመጠ፣ ያስቀመጠችውም ስንቱን እንደሰማች አላውቅም። ጭቃው ላይ የያዲራ ዱካ ወደ ቤቷ ይመለሳል። አንገቴን አውጥቼ በጓሮው ማዶ አየሁ፤ በሩ ላይ ቆማለች፣ የዊልፍሪዶን ቁልፍ ከሚስማሩ አውርዳ በእጇ ይዛለች። አየችኝ።

ከዚያ በሩ ተዘጋ።